በጡረታ ዘመን ወንጌል ይዞ ወደ ሞቃት አገር መሄድ፦ ከሰበታና ከአካባቢዋ ለሚነሡ አዛውንት ባልና ሚስት

በሰሜን ኡጋንዳ ካለችው ከጉሉ ከተማ፣ ከወንጌል አገልግሎት ከተመለስን ወዲህ ቤታችን የምክር ቢሮ መስሏል። ከአለም ገናም ከሰበታም፣ አንዳንዴ ከቡራዩ ድረስ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች ይመጡና "እኛም ልንሄድ አስበናል" ይሉናል። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ ስለ ሙቀቱ ነው። አንዱን መልስ ለአሥረኛ ጊዜ ስደግም ጀበናው ገነፈለብኝና በዚያው ቀን ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ሰሜን ኡጋንዳ ስትልከን እኔ 61፣ እሱ 67 ዓመታችን ነበር። ሁለታችንም የደም ግፊት መድኃኒት እንወስዳለን፤ እሱ ስኳርም አለበት። ከጉሉ ከተማ ወጣ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ 22 ወር ኖርን። በእነዚያ ወራት ለተመሳሳይ አገልግሎት ከአገራችን ከመጡ አዛውንት መካከል ሁለት ጥንዶች ሳይጨርሱ ሲመለሱ አይተናል። አንዳቸውንም ወባ አልመለሳቸውም። የአንደኞቹ ምክንያት ከተከራይ ጋር የተነሣ ጠብ ነበር። ሁለተኞቹ ደግሞ ለአክስት ለቅሶ ባለመድረሳቸው ዘመድ ተቀይሟቸው፣ ቅያሜውን ለማብረድ ሲመጡ በዚያው ቀሩ። ስለዚህ ከሻንጣው ሳይሆን ከግቢያችሁ በር እጀምራለሁ።

አንድ ዓመት ሲቀር፦ እድር፣ ውክልና፣ ቁልፍ

ለእድራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። በስልክ ሳይሆን ወርሃዊው ስብሰባ ላይ ቆማችሁ። እኛ በተናገርን ጊዜ መጀመሪያ ጭብጨባ ሆነ፤ የመረቁንም ነበሩ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ መነጽሩን አወለቀና "እትዬ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ ግን እዚያው ብትሞቱስ?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ ነበር። እድሩ የሚከፍለው ለቀብር ነው፤ ቀብሩ ጉሉ ከሆነ ድንኳኑ የት ይተከላል? ቀብር በቀረን ቁጥር የሚጣልብን ቅጣትስ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩና ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፦ የሁለት ዓመት መዋጮ በአንድ ጊዜ እንድንከፍል፤ በእኛ ፋንታ የበኩር ልጃችን ቀብር እንዲወጣና ቅጣት እንዳይቆጠርብን፤ ብንሞትም ቀብሩ የትም ይሁን የት ለቅሶው የሚቀመጠው ሰበታ ስለሆነ እድሩ ለልጆቻችን ሙሉውን እንዲከፍል። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ተቀበሉ። እኔ ከፓስፖርቴ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ጠቅልዬው ነበር የምዞረው።

ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ ሁለታችሁም የት መቀበር እንደምትፈልጉ ተነጋገሩና ጻፉት። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ለድንገተኛ ሕክምና ማጓጓዣና አስከሬን ለማምጣት ምን ያህል እንደምትሸፍን በደብዳቤ አስጽፉ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ጥሩ መልስ ነው፤ የአየር መንገዱ ጭነት ክፍል ግን አይቀበለውም።

ወደ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ለወኪላችሁ የምትሰጡት ሥልጣን አንድ በአንድ ይዘርዘር፦ ኪራይ መቀበል፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ መክፈል፣ የቦታ ግብር መክፈል፣ የጡረታ ጉዳይ መከታተል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ፣ ቤት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን የሚያዘጋጁላችሁ ሰዎች "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ" የምትለዋን ሐረግ ከልማድ የተነሣ ሊያስገቧት ይችላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ካለች አስወጧት፤ ወኪሉ የአብራካችሁ ክፋይ ቢሆንም። እኛ ስናስወጣ ልጃችን ትንሽ ከፍቶት ነበር። በሁለት ሳምንት አለፈለት።

ቤቱን ባዶ አትተዉ፤ ሌባ ባይደርስበት ክረምቱ ይጨርሰዋል። ዘመድ ከማስቀመጥ ግን ማከራየት ይሻላል ባይ ነኝ። ተከራይን ውሉ ያስወጣዋል፤ ዘመድን ማን ያስወጣዋል? አንዷን ክፍል ቆልፋችሁ ዕቃችሁን አስቀምጡ፤ ውሉ ላይ የክፍሏ ቁጥር ይጻፍ። ስለ ቧንቧና ስለ ጣሪያ የሚመጣ ስልክ ለወኪሉ እንጂ ለእናንተ እንዳይደወል ከወዲሁ ተስማሙ። ዶሮዎቹን ብሉ።

ስምንት ወር ሲቀር፦ ገላችሁን ቆላ አውርዳችሁ ፈትኑት

ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የወጨጫን ነፋስ ለምዶ ያረጀ ገላ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አገር ውስጥ ሳላችሁ እወቁት። ጉሉ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋዋ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ቀትሩ 30 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። እኛ ለሙከራ የሄድነው በግንቦት ወር መተሃራ ነው። ከፍታዋ ከጉሉ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቷ ይብሳል፣ መኪና ተሳፍሮ በግማሽ ቀን ቤት መመለስ ይቻላል። አንድ ዘመዳችን ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። እዚያም ወባ አለና አጎበር ይዛችሁ ሂዱ።

የግፊት መለኪያችሁን ይዛችሁ ጠዋትና ማታ እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በአራተኛው ቀን ለጸሎት ስነሣ ዓይኔ ጨልሞብኝ ወንበር ይዤ ተረፍኩ፤ ስለካው 98 በ60 ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሙቀት የደም ሥር ይሰፋል፣ ላብ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ሽንት የሚያበዛው የግፊት መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲጨመር ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሐኪሜ ደብተሩን አይቶ መጠኑን ቀነሰልኝ። ጉሉ ሆኜ ቢሆን ኖሮ "ወባ ነው" ብዬ በማያስፈልገኝ ክኒን ስማስን እከርም ነበር። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሙቀት ላይ እግራችሁ ይበልጥ ሊያብጥ ይችላል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ካላችሁ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የተከፈተው ከማቀዝቀዣ ውጭ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሙቀቱ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። በአውሮፕላን ጭነት ክፍል ሊረጋ ስለሚችል በእጅ ቦርሳ ያዙት።

ሁለታችሁም ጥርሳችሁን አሳዩ፤ ትርፍ መነጽር አሠሩ። ይህን ችላ ያለ ሰው ጉሉ ላይ በፋሻ የተጠገነ መነጽር አድርጎ ስምንት ወር ሰብኳል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጧል።

ክትባቱና የወባው ክኒን

ኡጋንዳ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ የዕድሜ ልክ ስለሆነ የድሮ ካርድ ያላችሁ እንደገና አትወጉ። አሁን የምጽፈውን ግን በደንብ አንብቡት፦ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነና ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ከወጣቶች ይልቅ ለብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ጉዳቱ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሲደርስ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወረፋ ይዛችሁ ክንዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የጤና ታሪካችሁን ከሚያውቅ ሐኪም ጋር ተማከሩ። ክትባቱ አይስማማችሁም ካለ በካርዱ ላይ የሕክምና ምክንያት ሊጽፍላችሁ ይችላል።

ወባን በተመለከተ የደጋ ሰው አንድ ከባድ ስሕተት ይሠራል። የአገሩ ሰው ወባ ይዞት ሲሠራ ያይና "ይህ እንደ ጉንፋን ነው" ይላል። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ስለተያዘ ሰውነቱ በከፊል ለምዶታል። እኛ ሰበታ ላይ ያረጀን ሰዎች ምንም ዓይነት መከላከያ የለንም፤ በእኛ ላይ ወባ በሁለትና በሦስት ቀን ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ሊሻገር ይችላል።

የመከላከያ ክኒኖቹ ሦስት ናቸው። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ይወሰዳል፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቆዳን ለፀሐይ ያስቸግራል፣ ጉሮሮንም ያቆስላል። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጡትና ለግማሽ ሰዓት አትጋደሙ። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንዴ ነው፤ የጭንቀት፣ የድባቴ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ምት መዛባት ታሪክ ላለበት ሰው ግን አይሆንም። አቶቫኮን ፕሮጓኒል ለብዙ ሰው የሚስማማው ነው፤ ዋጋው ግን ለሁለት ዓመት አይቻልም። እኛ ከሐኪም ጋር ተማክረን ዶክሲሳይክሊን መረጥን። ከክኒኑ ጋር በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ፣ ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌ፣ በተጋለጠው ቆዳ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

ትኩሳት ሲሰማችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ጣት ተወግቶ በሩብ ሰዓት መልስ የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ እዚያ በየጤና ጣቢያው አለ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከታዘዘላችሁ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ውሰዱት፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በሁለተኛው ቀን ቢሻላችሁም ጨርሱት። እኔ ሁለት ጊዜ ታምሜያለሁ፤ ባለቤቴ አንድም ጊዜ። ይህን ዛሬም ለእንግዳ ሁሉ ይነግራል።

ሻንጣው

ባጭሩ። የስድስት ወር መድኃኒት ከነመያዣው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ከተጻፈበት የሐኪም ማዘዣ ጋር፣ በሁለት ሻንጣ ተከፍሎ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር። ሰፋፊ የጥጥ ልብስ። የመብራት ሶኬታቸው ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ጥርስ የሚቀበል ስለሆነ የእኛ መሰኪያ አይገባም፤ መለወጫ ያዙ። ዶላር ከያዛችሁ አዲስና ያልተቀደደ ይሁን፤ አሮጌውን ወይ አይቀበሉትም ወይ በዝቅተኛ ዋጋ ይወስዱታል። የብር ጡረታችሁ እዚያ ያኖረኛል ብላችሁ አታስቡ፤ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሒሳብ ፈርሷል። ኑሮው በላኪዋ ቤተ ክርስቲያን አበል ካልተሸፈነ አትነሡ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ሁሉም በጥብቅ በሚከደን ዕቃ፤ በእርጥቡ አየር በርበሬ ይሻግታል። ጀበናውን በነጠላ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ከኢንተቤ አውሮፕላን ማረፊያ በካምፓላ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ስትጓዙ ካሩማ ላይ ዓባይን ትሻገራላችሁ። የእኛው አይደለም፣ ነጭ ዓባይ ነው፤ ካርቱም ላይ ግን ከእኛው ጋር ይገናኛል። ባለቤቴ መኪናውን አስቁሞ ሰላም ሊለው ፈልጎ ነበር። ከመንገዱ ዳር ያሉት ዝንጀሮዎች አልፈቀዱለትም።

ኡጋንዳ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በሰባኛው ዓመት ደፍ ላይ ላለ ሰው ይህ ከእባብ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ወደ ግራ የዞረ አንገት በአንድ ቀን አይማርም። መንገድ ስታቋርጡ ተያይዛችሁ ቁሙ፤ አንዳችሁ "ቀኝ!" ይበል። ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት አትሳፈሩ። ሁሉም ሰው ይሳፈራል፤ እናንተ አትሳፈሩ። በዚህ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ የአገልግሎቱ መጨረሻ ነው።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ምንም ሥራ አትቀበሉ። አዘጋጆቻችሁ ያከብሯችኋል፣ በየደብሩ ሊያዞሯችሁ ይፈልጋሉ፤ እምቢ በሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው የጥም ስሜቱ ስለሚደክም "ሲጠማኝ እጠጣለሁ" ማለት አይሠራም፤ በሰዓት ጠጡ። ሽንታችሁ የደረቀ ገለባ መልክ ካለው ይበቃል፤ የሻይ መልክ ከያዘ ዘግይታችኋል። ተቅማጥ ከያዛችሁና የተዘጋጀው ዱቄት ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ፣ ክምር ሳይሆን። ግፊት ያለበት ሰው ግን ይህን እንደ ለስላሳ መጠጥ በየቀኑ አይጠጣ፤ ጨው ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሥሩ። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ሁኑ። ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው። የግማሽ ቀን ሰው መሆናችሁን ከተቀበላችሁ ሁለት ዓመት ትቆያላችሁ።

ካውያ

ይህ ለብቻው ክፍል ይገባዋል። በደረስን በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ወገቡ ላይ፣ ልክ የሱሪው መቀነት የሚያርፍበት ቦታ፣ ሦስት እብጠቶች ወጡበት። እኔ 34 ዓመት የሠራሁ ነርስ፣ እባጭ ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ጀመርኩለት። በአምስተኛው ቀን "ውስጡ ይንቀሳቀሳል" አለኝ። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩት። ውሃ የምታመጣልን የጎረቤት ልጅ አየችውና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቫዝሊን ጠየቀችኝ፤ እብጠቶቹን በወፍራሙ ለቀለቀችና የለውዝ ቅርፊት እየፈለፈለች ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ከመካከለኛው እብጠት አንድ ነጭ ጫፍ አየር ፍለጋ ብቅ አለ። በሁለት አውራ ጣቶቿ ስትጫነው ሩዝ የሚያህል ትል ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሦስተኛው። ባለቤቴ ግድግዳውን ይዞ መዝሙረ ዳዊት ይደግም ነበር።

የማንጎ ዝንብ ይሏታል። እንቁላሏን ጥላ ላይ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል ልብሱ ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ገላ ሲጠብቅ ይቆያል። መድኃኒቱ ካውያ ነው። ሁሉንም ተኩሱ፦ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፤ በተለይ ስፌትና መቀነት ያለበትን። መብራት ስለሚጠፋ የከሰል ካውያ ግዙ። ልብሳችሁን መሬት ላይ አታስጡ። ባዶ እግር አትሂዱ፤ ሙጀሌ አያቶቻችን እንደነገሩን ነው፣ እዚያም አለ።

እንጀራ

ድርቆሹ በሦስት ወር አለቀ። ጤፍ የለም። ባለቤቴ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ እየበላ በትዕግሥት ይከሳ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፊት ቆሜ ቡናማ ደቃቅ እህል አየሁ፤ ዘግኜ ባሸተው ዳጉሳ ነው። የዚያ አገር ሰዎች፣ አቾሊዎች፣ ካል ይሉታል፤ የዘወትር ምግባቸው ከእሱ የሚገነፋ ነው። የጎጃም ሰው በዳጉሳ እንጀራ እንዳደገ አማቴ ነግራኝ ነበር፤ ያን ዕለት ትዝ አለችኝ።

እንዲህ አድርጉ። ዳጉሳውን በደንብ አስፈጩት፤ ለብ ባለ ውሃ አቡኩ፤ እርሾ ከሌላችሁ ለመጀመሪያው ጊዜ ራሱ እስኪኮመጥጥ ጠብቁ። ሰበታ ላይ ሦስት ቀን የሚፈጀው ሊጥ እዚያ በአንድ ቀን ተኩል ይነሣል፤ ካረፈዳችሁ ሆምጣጤ ይሆናል። አብሲት ጣሉ፤ ዳጉሳ ያለ አብሲት ይሰባበራል። ምጣድ ስላልነበረን ባለቤቴ ከገበያ የገዛውን የጭቃ መጥበሻ በሦስት ጉልቻ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ለዶሮ ሄዱ፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ነበርና። አምስተኛው ጥቂት ዓይን አወጣ። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ቀመሱና አንዷ "ካሉን አበላሸሽው" አለችኝ። ውሎ አድሮ ከማላክዋንግ ጋር፣ ከዚያ ኮምጣጣ ቅጠልና ከኦዲ፣ ማለትም ከሰሊጥና ከለውዝ ልቁጥ ጋር፣ እየጠቀለልን አብረን በላነው። ሽሮና ምስር ደግሞ እዚያ ከሰበታ ቶሎ ይበስላሉ፤ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው ሲፈላ ይበልጥ ይሞቃል።

ዝናብ ሲጀምር ንግዌን የሚሉትን ክንፋም ምስጥ ጠብሰው ያቀርባሉ። ለእንግዳ ክብር ነው። መብላት ካልቻላችሁ ደረታችሁን ይዛችሁ አመስግኑ፣ ሳህኑን ለሕፃን አሳልፉ። ፊታችሁን ግን አታኮማትሩ።

ሥራ፣ አንደበትና ገንዘብ

ጉሉና አካባቢው ከ1987 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ በጦርነት የተገረፈ ምድር ነው። ሕፃናት በአማፂያን እንዳይታፈኑ በየማታው ከገጠር ተነሥተው ከተማ ገብተው በየበረንዳው ያድሩ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆና የምታገኟት ሴት ከእነዚያ ሕፃናት አንዷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አትጠይቁ። "በጦርነቱ ጊዜ የት ነበርሽ?" የሚባል ጥያቄ የለም። ባለቤቴ በግቢው ጥግ የትምህርት ቤት ወንበር መጠገኛ ዳስ አቆመ። አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ እየመጡ ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት ያሹ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተናገሩም። አንድ ቀን እጃቸውን ሳያቆሙ የልጃቸውን ስም ተናገሩ። ባለቤቴም የእሱን መላጊያ አላቆመም። እሱ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ስብከቶች ሁሉ እኔ የማስታውሰው ያን ጠዋት ነው።

ቋንቋውን አስቀድማችሁ ጀምሩ። አቾሊ የሉኦ ቋንቋ ነው፤ የጋምቤላው አኙዋም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የአኙዋ ተወላጅ የምታውቁ ከሆነ ጆሯችሁን ቢያሟሹላችሁ ይጠቅማል። "አፎዮ" ማመስገኛም ሰላምታም ነው። "ኢትዬ ማበር?" ደህና ነህ ወይ ማለት ነው፤ "አትዬ ማበር" መልሱ ነው። ሽማግሌን "ላዲት" ይላሉ። ሽበታችሁ እዚያ እንደ እኛ አገር ይከበራል፤ ወጣቶች ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ሰላም ይሏችኋል። ይህ ክብር ያላወቃችሁትን ሁሉ እንደምታውቁ ያስመስላችኋል፤ ተጠንቀቁት። የግቢው ባለቤቶች እነሱ ናቸው፤ የአምልኮውን ሰዓት፣ የመዝሙሩን ርዝመት፣ የከበሮውን ድምፅ አታርሙ።

ገንዘብ ከእጃችሁ በቀጥታ አይውጣ። ይህን ስል ጨካኝ እመስላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከቦርሳዬ ሰጠሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት በራችን ላይ አሥራ አንድ እናቶች ቆመው ነበር። ለአሥራ አንዱ የሚሆን አልነበረኝም፤ ለአሥራ አንዱ "የለም" ማለት ለአንዱ ከመስጠት ይልቅ ግቢውን አወከ። ከዚያ ወዲህ የምንሰጠውን ለቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ሰጠን፣ እነሱ የሚያውቋቸውን ለዩ። ክፍያ በአብዛኛው እንደ ቴሌብር በስልክ ነው፤ ወጪያችሁን በየማታው ጻፉ።

ሁለታችሁ

አርባ ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባ ነበር፤ አንቺም ሥራ ነበረሽ፤ እህት፣ ጎረቤት፣ ማኅበር ነበረ። ጉሉ ላይ ሃያ አራቱንም ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማራገቢያ ፊት፣ አንድ አጎበር ሥር ትሆናላችሁ። በግቢው ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። የሠላሳ ዓመት ነገር ሁሉ ከተቀበረበት የሚወጣው ያኔ ነው። እኛ በአራተኛው ወር ስለ አንዲት የሻይ ማጥለያ ሦስት ቀን ተኮራረፍን። ማንም ያልሰማን መስሎን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማታ የግቢው ጠባቂ ሚስት አንድ ሳህን የተቆላ ለውዝ ይዛ መጣች፣ በሁለታችን መካከል አስቀመጠችና ምንም ሳትናገር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያወጣናቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው። ሁለት ወንበር፣ ፊታቸው ወደተለያየ አቅጣጫ። ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ንግግር የለም። የየራስ ሥራ ይኑራችሁ፤ እኔ ክሊኒኩ የእናቶች ቀን ላይ፣ እሱ ዳሱ ውስጥ፤ አንዳችሁ የሌላውን ሥራ አትጎብኙ፣ ምክርም አትስጡ። ወደ ልጆች ስልክ በሳምንት አንዴ፣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት። ማታ ማታ ከጸሎት በፊት አንዱ ለሌላው በዚያ ቀን ያየውን አንድ ነገር ይንገር፤ ስለ ቤት ያልሆነ። መጀመሪያ ሰሞን የሚነገር ነገር አጥተን ስለ ዶሮዎቹ እናወራ ነበር።

አንዳችሁ ብቻ መመለስ ከፈለጋችሁስ? ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። እኛ የተስማማነው "አንዱ በቃኝ ካለ ያለ ክርክር ሁለታችንም እንመለሳለን፤ ግን ቃሉ የሚነገረው ጠዋት ነው" በሚለው ነው። ማታ ማታ እኔ ስድስት ጊዜ ያህል በቃኝ ብያለሁ።

ስትመለሱ

ዶክሲሳይክሊኑን ወይም ሜፍሎኩዊኑን ከተመለሳችሁ በኋላ ለአራት ሳምንት ቀጥሉ፤ አቶቫኮን ፕሮጓኒል ከሆነ ለሰባት ቀን። ወባ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ሰበታ ላይ ትኩሳት ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትገቡ ከሁሉ በፊት "ከኡጋንዳ ነው የመጣሁት" በሉ። ሐኪሙ አድራሻችሁን አይቶ ታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ደጋ ላይ ወባን የሚጠረጥር የለም። የግፊት መድኃኒታችሁ መጠን ቆላ ላይ ተቀንሶ ከነበረ በመጀመሪያው ሳምንት አስለኩ፤ ብርዱ ግፊቱን መልሶ ያወጣዋል። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ያለ ጋቢ መውጣት አይችልም፤ ነሐሴ ላይ አትመለሱ። እኛ ነሐሴ ላይ ተመለስን።

በተመለስን በሁለተኛው እሑድ እድር ስብሰባ ሄድን። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፣ በሌለንበት ስድስት ቀብር እንደነበረ፣ ልጃችን አምስቱ ላይ እንደተገኘ አነበበ። ለስድስተኛው ቃለ ጉባኤውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዳኛው መነጽሩን አደረገ፣ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ከዚያ "ይህ 'ልጃቸው ሲገኝ' ይላል፤ ባልተገኘበት ቅጣቱ አለ" አለ። ባለቤቴ ከኪሱ ከፈለ።